የውድድር ዘመን ሲረዝም የክለቦች የደመወዝ ጣሪያ ምን ይሆናል?

በመንዝ ደጋ ገብሱን ወቅቶ ጎተራ ያስገባ አባወራ የሚያሰላው የጎተራውን መሙላት ብቻ አይደለም። እስከ መጪው እሸት ስንት ወር እንደቀረም ይቆጥራል። የበልጉ ዝናብ ከቀረ ጎተራው ያው ሆኖ ወሩ ይረዝማል። ያን ጊዜ ወይ የዕለቱ ቀለብ ይቀነሳል፣ ወይ በግ ወደ ገበያ ይነዳል፣ ወይ ከዘመድ ብድር ይጠየቃል።

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ክለቦችም ተመሳሳይ ስሌት ውስጥ ከገቡ ሰነባብተዋል። በአንድ በኩል ለተጫዋቾች የሚከፈለው ገንዘብ ከልክ እንዳያልፍ የደመወዝ ጣሪያ ተበጅቷል። በሌላ በኩል የውድድር ዘመኑ አንዳንዴ በክለቦች ቁጥር መጨመር፣ አንዳንዴ ደግሞ በመቋረጥና በመዘግየት ይረዝማል። ጣሪያው ባለበት ሆኖ ዘመኑ ሲረዝም ማን ይጎዳል? ጣሪያው አብሮ ከፍ ቢልስ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀትና በሕዝብ ድጋፍ በመሆኑ ጥያቄው ስታዲየም ገብቶ ለማያውቀው ግብር ከፋይም ይመለከተዋል።

የዘመን መርዘም ሁለት መልክ አለው

የውድድር ዘመን ረዘመ ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው የጨዋታው ቁጥር መጨመር ነው። ሁሉም ክለቦች እርስ በርሳቸው ሁለት ጊዜ በሚገናኙበት ሊግ 16 ክለቦች ካሉ እያንዳንዱ 30 ጨዋታ ያደርጋል። ክለቦቹ 18 ሲሆኑ ጨዋታው 34፣ 20 ሲሆኑ ደግሞ 38 ይደርሳል። ከ16 ወደ 20 ክለብ ማደግ ማለት ለእያንዳንዱ ክለብ 8 ተጨማሪ ጨዋታ ማለት ነው፤ ይህም ከሩብ በላይ ጭማሪ ነው።

ሁለተኛው የጨዋታው ቁጥር ሳይጨምር የወራቱ መብዛት ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ለአህጉራዊ ውድድር ሲሄድ ሊጉ ይቆማል። በ2014 ዓ.ም ዋልያዎቹ ካሜሩን ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ሲሳተፉ ሊጉ ለሳምንታት እረፍት ላይ ነበር። የጸጥታ ችግር፣ የስታዲየም ጥገና ወይም የአየር ሁኔታም መርሐ ግብርን ወደ ኋላ ይገፋል።

ልዩነቱን መያዝ ያስፈልጋል። ጨዋታ ሲጨምር ቢያንስ ተጨማሪ ገቢ የማግኘት ዕድል ይኖራል፤ ትኬት ይሸጣል፣ የቴሌቪዥን ስርጭት ይጨምራል፣ ማስታወቂያ ይታያል። ወሩ ብቻ ሲረዝም ግን ወጪ እንጂ ገቢ አይጨምርም። ተጫዋቹ ባይጫወትም ይበላል፣ ይለማመዳል፣ የወር ደመወዙም ይቆጠራል።

በኢትዮጵያ የሊጉ ርዝመት በተደጋጋሚ ተለዋውጧል። የ2012 ዓ.ም የውድድር ዘመን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰርዟል። በ2013 ዓ.ም መቀለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት መሳተፍ ሳይችሉ ቀርተው ሊጉ በ13 ክለቦች ተካሂዷል። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሣው በዚያ ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ ሊጉ ወደ 16 ክለቦች ተመለሰ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የትግራይ ክለቦች መመለስ የተሳታፊዎቹን ቁጥር ከዚያ በላይ ከፍ አደረገው። በ13 ክለቦች ሊግ አንድ ቡድን የሚያደርገው 24 ጨዋታ ብቻ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሥራው መጠን ይህን ያህል ሲለዋወጥ የክፍያ ሥርዓቱ አብሮ ካልታሰበ መዛነፉ አይቀርም።

ጣሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

የደመወዝ ጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ነገር ብቻ ያስባል። በተግባር ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ጣሪያ አለ፤ የዘመኑ መርዘምም እያንዳንዱን በተለያየ መንገድ ይነካዋል።

የመጀመሪያው በአንድ ተጫዋች የወር ክፍያ ላይ የሚጣል ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም ክረምት ከክለቦች ጋር ባደረገው ምክክር የተወሰነው ጣሪያ ይህን ዓይነት ነበር። በውሳኔው መሠረት የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ግብር ሳይቀነስ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተደረገ። በወቅቱ በነበረው የገቢ ግብር ሕግ ከ10 ሺህ 900 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ስለሚቆረጥበት፣ 50 ሺህ ብር የተፈራረመ ተጫዋች እጅ የሚገባው 34 ሺህ ብር ገደማ ነበር።

ይህ ዓይነቱ ጣሪያ ዘመኑ ሲረዝም በወረቀት ላይ አይነካም። ውድድሩ ዘጠኝ ወርም ይፍጅ አሥራ አንድ፣ የወሩ ክፍያ ከ50 ሺህ ብር እስካላለፈ ድረስ ክለቡ ሕግ አልጣሰም። የክለቡ ካዝና ግን ይነካል። 25 ተጫዋቾች ያሉት ቡድን በአማካይ 40 ሺህ ብር ቢከፍል የወር ወጪው አንድ ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዘጠኝ ወር የታሰበው ውድድር አሥራ አንድ ወር ቢፈጅ፣ ማንም ጣሪያውን ሳይነካ ሁለት ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ወጪ ይመጣል።

ሁለተኛው ዓይነት በክለቡ ጠቅላላ ክፍያ ላይ የሚጣል ጣሪያ ነው። ውድድሩን የሚመራው፣ ባለቤቶቹም ክለቦቹ ራሳቸው የሆኑት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር ከ2017 ዓ.ም የውድድር ዘመን ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገው የፋይናንስ አስተዳደር መመሪያ የዚህ ዓይነት ነው። ገደቡ አንድ ክለብ በውድድር ዘመኑ ለተጫዋቾች በሚያወጣው ድምር ላይ ያተኩራል። ክለቡ ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ሊከፍል ይችላል፤ ድምሩ ግን ከተቀመጠው ልክ ማለፍ የለበትም።

የዘመኑ መርዘም ትልቁን ጫና የሚፈጥረው በዚህኛው ላይ ነው። ለማስላት እንዲመች የጣሪያውን ልክ አሥር ሚሊዮን ብር ብለን እንያዝ። 25 ተጫዋቾች ለአሥር ወር ቢቀጠሩ አማካይ የወር ክፍያቸው 40 ሺህ ብር ይሆናል። ያው ገንዘብ ለአሥራ ሁለት ወር ሲከፋፈል አማካዩ ወደ 33 ሺህ 300 ብር ይወርዳል። ጨዋታው በመብዛቱ ጉዳትና ድካም ይጨምራልና ክለቡ ሦስት ተጫዋች ጨምሮ 28 ቢያደርስ ደግሞ አማካዩ ከ30 ሺህ ብር በታች ይሆናል። ጣሪያው አንድ ሳንቲም ሳይቀነስ የአንድ ተጫዋች ድርሻ ከሩብ በላይ ቀነሰ ማለት ነው።

በጨዋታ ሲሰላም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። አሥር ሚሊዮን ብር ለ30 ጨዋታ ሲካፈል ለአንድ ጨዋታ 333 ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል፤ ለ38 ሲካፈል 263 ሺህ ብር ገደማ። ገበሬው ይህን ከቀጠሮ ሥራ ያውቀዋል። አንድ ማሳ ለማጨድ በቁርጥ የተዋዋለ ሰው ማሳው በኋላ ሰፍቶ ቢገኝ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ዋጋው ግን ያው ነው። በቀን የተዋዋለ ሰው በአንጻሩ ለጨመረው ቀን ይከፈለዋል፤ የሚከብደው ባለማሳው ላይ ነው። የወር ጣሪያ እንደ ቀን ሥራ፣ የዘመን ጣሪያ ደግሞ እንደ ቁርጥ ሥራ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት ከገቢ ጋር የተሳሰረ ጣሪያ ነው። በዚህ አሠራር ልኩ የሚወሰነው በቁርጥ ብር ሳይሆን ሊጉ ወይም ክለቡ ከሚያስገባው ገንዘብ በመቶኛ ነው። የተጨመረው ጨዋታ ገቢ ካመጣ ጣሪያው በራሱ ከፍ ይላል፤ ካላመጣ ደግሞ ባለበት ይቆማል ወይም ይወርዳል።

የሌላው ዓለም ልምድ

ከገቢ ጋር ለተሳሰረው ጣሪያ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ከእኛው እግር ኳስ የተለየው፣ በሞላላ ኳስ የሚካሄደው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ነው። ሊጉ የደመወዝ ጣሪያን ከ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ይጠቀማል። በ2020 የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር አዲስ የጋራ ስምምነት ሲፈራረሙ፣ የመደበኛው ዘመን ጨዋታ ከ16 ወደ 17 እንዲያድግ ተስማምተዋል። በልዋጩ ተጫዋቾቹ ከሊጉ ገቢ የሚያገኙት ድርሻ ከፍ ብሎ ቢያንስ 48 በመቶ እንዲሆን ተደረገ። ዘመኑ የረዘመው ክፍያው አብሮ በድርድር ላይ ከዋለ በኋላ ነበር።

የሚያስተምረው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። 17ኛው ጨዋታ በተጨመረበት በ2021 ለእያንዳንዱ ቡድን የተፈቀደው ጣሪያ አልጨመረም፤ ከ198.2 ሚሊዮን ዶላር ወደ 182.5 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። ምክንያቱ ቀደም ባለው ዓመት ስታዲየሞች በኮሮና ምክንያት ባዶ በመሆናቸው ገቢው መቀነሱ ነው። ተመልካች ሲመለስ በ2022 ወደ 208.2 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ ወደ 255.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ጣሪያን ከፍ የሚያደርገው የጨዋታው መብዛት ብቻውን አይደለም፤ ጨዋታው የሚያስገባው ገንዘብ ነው።

በአውሮፓም ተመሳሳይ አቅጣጫ ይታያል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በውድድሮቹ የሚሳተፉ ክለቦች ለተጫዋቾችና ለአሠልጣኝ ደመወዝ፣ ለዝውውርና ለወኪሎች የሚያወጡት ወጪ ከገቢያቸው 70 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ልኩም ደረጃ በደረጃ ከ90 እና ከ80 በመቶ እንዲወርድ ተደርጓል። በዚያው ዘመን የቻምፒዮንስ ሊግ የመጀመሪያ ዙር ጨዋታ ከ6 ወደ 8 አድጓል። በዚህ ቀመር ጨዋታው ሲጨምር የስርጭት ገቢው ስለሚጨምር ለደመወዝ የሚፈቀደውም አብሮ ይሰፋል። ያም ሆኖ ተጫዋቾች ቅሬታ ከማሰማት አልታቀቡም፤ ገንዘብ የአካልን ድካም አይተካምና።

የኢትዮጵያ ልዩ ፈተና

ከገቢ ጋር የተሳሰረ ጣሪያ በኢትዮጵያ በቀላሉ የማይተከለው የክለቦቹ ገቢ ከጨዋታው ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ በመሆኑ ነው። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ የዲ.ኤስ.ቲቪ የቴሌቪዥን ስርጭት ስምምነት ለሊጉ አዲስ የገቢ ምንጭ ከፍቷል። ይሁን እንጂ ከባሕር ዳር እስከ ሐዋሳ ያሉ የከተማ ክለቦች ዋና መተዳደሪያ የአስተዳደር በጀት፣ የተቋማት ድጋፍና የሕዝብ መዋጮ ነው። ጨዋታ ሲጨምር በጀቱ በራሱ አይጨምርም።

ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች መካሄዱም ነገሩን ያከብደዋል። በ2013 ዓ.ም አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ ሊጉን አስተናግደዋል፤ አሠራሩም በቀጣዮቹ ዓመታት ዘልቋል። አንድ ክለብ ከከተማው ርቆ ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣል። በሜዳው ስለማይጫወት የትኬት ገቢ አያገኝም፤ ለአልጋ፣ ለምግብ፣ ለውሎ አበልና ለትራንስፖርት ግን ይከፍላል። እነዚህ ወጪዎች ደመወዝ ስላልሆኑ በደመወዝ ጣሪያ ውስጥ አይታዩም። ነገር ግን የሚወጡት ከዚያው ካዝና ነው። ዘመኑ ሲረዝም ጣሪያው ሳይነካ ካዝናው የሚራቆተው ለዚህ ነው።

ሌላው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ውድድሩ ከዚያ ካለፈ የመጨረሻዎቹ ወራት ደመወዝ ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል ጥያቄ ይነሣል። የተጫዋቾች ውልም ብዙ ጊዜ ከዘመኑ ማብቂያ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ቀኑ ሲገፋ ውሉ ከውድድሩ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወረርሽኙ ሊጎችን ሲያዘገይ፣ ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በዘመኑ ማብቂያ የሚያልቁ ውሎች እስከ ትክክለኛው የውድድር ማጠናቀቂያ ቀን እንዲራዘሙ ምክረ ሐሳብ የሰጠው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር።

የብር የመግዛት አቅምም ሊዘነጋ አይገባም። በ2011 ዓ.ም 50 ሺህ ብር የሚገዛው ዛሬ ከሚገዛው እጅግ የሰፋ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ ለሚመጡ ተጫዋቾች፣ ለትጥቅና ለሕክምና ቁሳቁስ የሚወጣው ብር ጨምሯል። በብር የተቆረጠ ጣሪያ በየዓመቱ ካልታየ፣ ዘመኑ ባይረዝምም እንኳ በዋጋ ንረት ብቻ እየዘቀጠ ይሄዳል።

ጣሪያው ሲጠብ የሚከፈተው ቀዳዳ

ጣሪያው ከሥራው መጠን ጋር ካልተመጣጠነ ሁለት አደጋ ይከተላል። አንዱ ከውል ውጭ የሚደረግ ክፍያ ነው። ክለቡ የሚፈልገውን ተጫዋች ላለማጣት በወረቀት ላይ የተፈቀደውን ጽፎ ቀሪውን በፊርማ ክፍያ፣ በቤት ኪራይ ወይም በሽልማት ስም ሊከፍል ይሞክራል። እንዲህ ያለው ክፍያ ግብር አይከፈልበትም፤ ተጫዋቹም በኋላ ቢካድ በሕግ የሚጠይቅበት ማስረጃ አይኖረውም።

ሁለተኛው የደመወዝ መዘግየት ነው። ክለቡ አቅሙን ሳያይ ጣሪያውን እንደ መብት ቆጥሮ እስከ ጫፉ ይዋዋላል፤ ዘመኑ ሲረዝም ግን የመጨረሻዎቹን ወራት መክፈል ያቅተዋል። በየዓመቱ ተጫዋቾች ያልተከፈለ የወራት ደመወዝ ለማስመለስ ወደ ፌዴሬሽኑ አቤት ማለታቸው ለስፖርት ተከታታይ አዲስ ዜና አይደለም። ጣሪያ ከዚህ በላይ አትክፈል ይላል እንጂ ይህን ያህል አለህ አይልም። የጎተራው ስፋትና የሚሰፈረው ቁና ለየቅል ናቸው።

ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ምን ማለት ነው?

ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ የሚነሣ ወጣት ፕሪሚየር ሊግ ለመድረስ በወረዳ፣ በዞንና በዝቅተኞቹ ሊጎች ማለፍ አለበት። ጉዳዩ እርሱን በሁለት መንገድ ይነካዋል። የመጀመሪያው ተስፋ ሰጪ ነው። ዘመኑ ሲረዝም ክለቦች ሰፋ ያለ ስብስብ ይፈልጋሉ፤ ድምሩ በጣሪያ ሲገደብ ደግሞ ውድ ተጫዋች ማብዛት አይችሉም። መፍትሔው ከታዳጊ ቡድን ማሳደግ ነው። በደጋ አየር ሩጫን የለመደ፣ በመጠነኛ ደመወዝ የሚጀምር ወጣት በእንዲህ ያለ ጊዜ ተፈላጊ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ወጣቱ የሚፈርመውን ውል ሳያነብ መፈረም የለበትም። ደመወዙ በወር ነው ወይስ ለዘመኑ በቁርጥ? ውሉ የሚያበቃው በቀን ነው ወይስ በውድድሩ ማጠናቀቂያ? ሊጉ ቢቋረጥ ወይም ቢራዘም ክፍያው ይቀጥላል? ጉዳት ቢደርስበት የሕክምናውን ወጪ ማን ይሸፍናል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ካላገኙ የዘመኑ መርዘም ዕዳ የሚወድቀው በእርሱና እርሻውን ጥሎ ልጁን በላከው ቤተሰብ ላይ ነው።

ለከተማ ነዋሪውና ለግብር ከፋዩም የሚጠየቅ አለ። አንድ ከተማ ክለብ አቋቁሞ ወደ ላይኛው ሊግ ለማሳደግ ሲነሣ፣ ምክር ቤቱ ፊት የሚቀርበው በጀት ስንት ጨዋታና ስንት ወር ታስቦ እንደተሠራ መታወቅ አለበት። ዘመኑ በሁለት ወር ቢረዝም ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ከውኃ ወይም ከመንገድ ጥገና ተቀንሶ ነው ወይስ ከደጋፊዎች መዋጮና ከስፖንሰር? መልሱ አስቀድሞ ከታወቀ ከተማው በክለቡ ይኮራል፤ ካልታወቀ ዋንጫው ሳይመጣ ዕዳው ይቀድማል።

ሚዛኑ እንዴት ይጠበቃል?

ከሌሎች ሊጎች ልምድና ከአገር ውስጡ ሂደት የሚቀዱ ጥቂት አሠራሮች አሉ። የክለቦች ቁጥር ሲወሰን የጣሪያው ልክም በዚያው ጉባኤ አብሮ መወሰን ይኖርበታል፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ሲከተል ክፍተቱ በተጫዋቾች ደመወዝ ይሞላልና። ጣሪያው ከጨዋታ ወይም ከወር ቁጥር ጋር በቀመር ቢተሳሰር፣ ዘመኑ ሲረዝምም ሲያጥርም በየዓመቱ አዲስ ክርክር አያስፈልገውም። ባልታሰበ ምክንያት ለሚራዘም ጊዜ የሚሆን መጠባበቂያ ገንዘብ ከስርጭት ገቢው ላይ አስቀድሞ መለየት ይቻላል። ከጣሪያው ጎን ለጎንም ክለቡ የፈረመውን ለመክፈል አቅም እንዳለው ከውድድሩ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መንዞች የጋራ ገደብን ጠባይ ከጓሳ ያውቁታል። የጓሳው ሣር ለዓመታት ተከልክሎ ቆይቶ፣ ማኅበረሰቡ በተስማማበት ጊዜ የሚከፈትበት ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ሣሩን ጠብቆ አኑሯል። ክልከላው የተከበረው ለሁሉም እኩል ስለነበር፣ የመክፈቻው ጊዜም ሣሩ የደረሰበትን ሁኔታ አይቶ ይወሰን ስለነበር ነው። የደመወዝ ጣሪያም የሚጸናው በእነዚሁ ሁለት ነገሮች ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም ክለብ እኩል ሲሠራ፣ ልኩም የዘመኑን ርዝመትና የካዝናውን ሁኔታ አይቶ ሲቆረጥ።